ከማድ ቤት የተገኘ እውነት
(የጋዜጠኛዋና የጸሐፌ ተውኔቷ የሱዛን ግላስፔል አጭር የሕይወት ታሪክ)

ሰው በተከሰሰ ጊዜ ከዳኛ ቀድሞ የሚፈርድበት ወሬ ነው። ዳኛ ማስረጃ እስኪቀርብለትና ምስክር እስኪሰማ ድረስ ይታገሣል። ወሬ ግን ትዕግሥት የለውም፤ ከቤት ወጥቶ ገበያ ሳይደርስ ፍርዱን ይጨርሳል። ይልቁንም በጋዜጣ ታትሞ የወጣ እንደ ሆነ እውነት መስሎ ስለሚታይ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የሕይወት ታሪኳን የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊቷ ሱዛን ግላስፔል በወጣትነቷ ከዚህ ዓይነቱ ወሬ ጋር አብራ የሮጠች ጋዜጠኛ ነበረች። ነገር ግን አንድ ቀን ከአንዲት ገበሬ ሴት ማድ ቤት ገብታ ያየችው ነገር ልቧን ነካው። ያንን ያየችውን ነገር አሥራ አምስት ዓመት ያህል በልቧ ይዛ ከኖረች በኋላ በአንዲት አጭር ተውኔት ለዓለም ገለጸችው። እኛም በዚህች ትንሽ መጽሔት ብዕር የምናነሣ ወጣቶች ስለ ሆንን፣ ከብዕራችንም በፊት ምላሳችን የሚቀድም ስለ ሆነ፣ ታሪኳ ይጠቅመናል ብለን መረጥነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ልደትና ትምህርት

ሱዛን ግላስፔል ጁላይ 1 ቀን 1876 በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው በዳቨንፖርት ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ባለጸጋ አልነበረም። እናቷ አስተማሪ ነበሩ። አያቷ ደግሞ የቀድሞውን ዘመን ታሪክ፣ በተለይም ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ምድር ስለ ኖሩት ሕንዶችና ስለ መሪያቸው ስለ ብላክ ሆክ ይነግሯት ስለ ነበር፣ የተቀመጠችበት መሬት ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምራ አውቃ አደገች። ይህም እውቀት በኋላ በጻፈቻቸው ድርሰቶች ውስጥ ተመልሶ ታይቷል።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ባል መጠበቅ እንጂ ደመወዝተኛ መሆን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ሱዛን ግን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለከተማዋ ጋዜጣ መጻፍ ጀመረች። ከዚያም በአዮዋ ዋና ከተማ በዴ ሞይን ወደሚገኘው ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች። ንባብ ወዳድና በክርክር መድረክ የማትፈራ ተማሪ ነበረች። በ1899 ዩኒቨርሲቲውን እንዳጠናቀቀች ወዲያው የዴ ሞይን ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆና ተቀጠረች።

በዚያ ዘመን ጋዜጦች ለሴት ጸሐፊ የሚሰጧት ሥራ ብዙውን ጊዜ ስለ ሠርግ፣ ስለ ግብዣና ስለ ልብስ መጻፍ ነበር። ለሱዛን የተሰጣት ግን የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ስብሰባና የወንጀል ችሎት መከታተል ነበር። ዕድሜዋ ገና ሃያ አራት ሳለ ሕይወቷን የለወጠው ጉዳይ የደረሰባት በዚህ ሥራ ላይ እንዳለች ነው።

የሆሳክ ቤት ጉዳይ

በ1900 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መጀመሪያ፣ በዎረን ወረዳ፣ ከኢንዲያኖላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ ቦታ ጆን ሆሳክ የተባሉ የታወቁ ገበሬ ሌሊት በአልጋቸው ላይ እንደ ተኙ ራሳቸውን በመጥረቢያ ተመቱ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርጋሬት ሆሳክ በዚያው አልጋ ላይ አጠገባቸው ተኝተው ነበር። ወይዘሮዋ ሁለት እንጨት ሲጋጭ የመሰለ ድምፅ ቀስቅሷቸው እንደ ተነሡ፣ የመታውን ሰው ግን እንዳላዩ ተናገሩ። ሸሪፉና ጎረቤቱ ግን ይህን ለማመን አልቻሉም። መጥረቢያው ከእህል ጎተራው ሥር ተገኘ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉም ወይዘሮዋ ባላቸውን በቀበሩበት ዕለት ተያዙ።

ወይዘሮ ማርጋሬት የብዙ ልጆች እናት ነበሩ። ጎረቤቶች ባልና ሚስቱ ለዓመታት በጠብ ይኖሩ እንደ ነበር፣ ወይዘሮዋም ባላቸውን ፈርተው የጎረቤት እርዳታ የጠየቁበት ጊዜ እንደ ነበር መሰከሩ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አንዲት ሴት ፈርቻለሁ ብላ ስትጮኽ የሰማት ጎረቤት፣ ያንኑ ጩኸቷን በኋላ ለመግደል ምክንያት ነበራት ለማለት በችሎት ፊት አቀረበው። በቤቷ ውስጥ ያየችው መከራ ረዳት ሊያመጣላት ሲገባ መክሰሻ ሆነባት።

ወጣቷ ሱዛን ስለዚህ ጉዳይ በጠቅላላው ሃያ ስድስት ጊዜ በጋዜጣዋ ላይ ጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቿ የሚያስመሰግኗት አልነበሩም። ያልተጣራውን ወሬ እንደ ተጣራ አድርጋ አቀረበች። ተከሳሿንም ልበ ደንዳና፣ ፊቷ የማይለወጥ፣ ጉልበተኛ ሴት አስመስላ ሣለቻት። አንባቢው ያንን ሲያነብ ወይዘሮ ማርጋሬት ገዳይ ናቸው ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ ሊመጣለት አይችልም ነበር። ጋዜጣው ይሸጥ ዘንድ ወሬው መጋል ነበረበት፤ እርሷም አጋለችው።

ከዚያ በኋላ ግን ሱዛን ወደ ገበሬው ቤት ሄዳ ማድ ቤቱን አየች። የቤቱ እመቤት በከተማ ወኅኒ ተቆልፎባቸው ነበር፤ ማድ ቤታቸው ግን እርሳቸው እንደ ተዉት ነበር። ሱዛን ያንን ማድ ቤት መቼም እንዳልረሳችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሷ ጽፋለች። ከዚያች ቀን ወዲህ የጻፈቻቸውን ዘገባዎች ያነበቡ ተመራማሪዎች የአነጋገሯ ቃና እንደ ተለወጠ ይመሰክራሉ። ቀድሞ ጉልበተኛና አስፈሪ ያለቻቸው ሴት አሁን የከሱ፣ በሥራ የደከሙ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው የተቀመጡ እናት ሆነው በጽሑፉ ውስጥ መታየት ጀመሩ።

ክርክሩ በኤፕሪል 1901 በኢንዲያኖላ ተሰማ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከባድ ወንጀል ሲታይ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑት ከሕዝቡ መካከል የሚመረጡ 12 ሰዎች ሲሆኑ፣ ጁሪ ይባላሉ። በዚያ ዘመን በአዮዋ ሴት የጁሪ አባል መሆን ስለማትችል አሥራ ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ከተመልካቹ ጋር ተቀምጠው ከመስማት በቀር ድምፅ አልነበራቸውም። ከተከሳሿ አጠገብ የተቀመጠችው የሸሪፉ ሚስት ዐይኗን በመሐረብ ስትጠርግ ትታይ እንደ ነበር ሱዛን ዘግባለች።

አሥራ ሁለቱ ወንዶች ወይዘሮ ማርጋሬትን ጥፋተኛ ናቸው አሉ፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደባቸው። ነገር ግን በ1902 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በችሎቱ አካሄድ ላይ ስሕተት አግኝቶ ፍርዱን ሻረው። በ1903 በሌላ ወረዳ፣ በዊንተርሴት ከተማ ጉዳዩ እንደገና ቢታይም የጁሪው አባላት ሊስማሙ አልቻሉም። በዚህም ምክንያት ወይዘሮዋ ተለቀቁ። ጆን ሆሳክን ማን እንደ ገደላቸው እስከ ዛሬ በፍርድ አልተረጋገጠም።

ከጋዜጣ ወደ ድርሰት

ሱዛን ግላስፔል ከመጀመሪያው ፍርድ በኋላ ብዙም ሳትቆይ የጋዜጣ ሥራዋን ለቀቀች። ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ዳቨንፖርት ተመልሳ አጫጭር ልብ ወለዶችን ለመጽሔቶች እየጻፈች መተዳደር ጀመረች። በ1909 የተሸናፊዎች ክብር የሚል ትርጉም ያለው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዷ ታተመ፤ በገበያም ተወደደ። በሆሳክ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ስላየችው ነገር ግን ገና አልጻፈችም ነበር።

በዳቨንፖርት ሳለች ጆርጅ ክራም ኩክ ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀች። ኩክ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደ፣ የጥንት ግሪኮችን ጥበብ የሚያፈቅር፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪነቱን ትቶ አትክልት መትከል የጀመረ ሰው ነበር። ሁለቱ በተዋደዱ ጊዜ ኩክ ባለትዳርና የልጆች አባት ስለ ነበር ጉዳዩ በከተማው ዘንድ ብዙ አነጋገረ። ከፍቺው በኋላ በ1913 ተጋቡ። እኛም ይህን ሳንሸሽግ የጻፍነው የሰው ታሪክ ሲጻፍ ከነጉድለቱ መሆን አለበት ብለን ስለምናምን ነው። የሱዛንን ታሪክ የምናቀርበው ነቀፋ የሌለባት ናት ለማለት አይደለም። ምናልባትም ራሷ የሰው አፍ ስለ ገባች ይሆናል፣ በሰው አፍ የገቡትን ሴቶች ሁኔታ አብልጣ ለመረዳት የቻለችው።

በአሮጌው የዓሣ መጋዘን

ባልና ሚስቱ በጋውን የሚያሳልፉት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በኬፕ ኮድ ጫፍ በምትገኘው በፕሮቪንስታውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች የሚታየው ተውኔት አብዛኛው ለገንዘብ ሲባል የሚዘጋጅ ስለ ነበር፣ ኩክና ሱዛን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1915 የራሳቸውን ተውኔት በራሳቸው መጫወት ጀመሩ። በወደብ ላይ የቆመ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ጠርገው መድረክ ሠሩበት። ወለሉ ከባሕሩ በላይ ስለ ነበር ተውኔቱ በሚታይበት ጊዜ የማዕበሉ ድምፅ ከእግራቸው ሥር ይሰማ ነበር። የፕሮቪንስታውን ተዋንያን ተብሎ የታወቀው ማኅበር የተነሣው ከዚህ ነው። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዩጂን ኦኒል የመጀመሪያ ተውኔቱ በመድረክ የታየለት በ1916 በጋ በዚሁ መጋዘን ውስጥ ነው።

በዚያው በጋ ኩክ ለሚቀጥለው ዝግጅት ሚስቱ ተውኔት እንደምታቀርብ ሳይጠይቃት አስታወቀ። ሱዛን ምንም የተዘጋጀ ተውኔት እንደሌላት፣ ተውኔት መጻፍም እንዳልተማረች ብትነግረው፣ መድረክ አለሽ፤ ነገ ጀምሪ ብሎ መለሰላት። እርሷም ወደ ባዶው መድረክ ሄዳ ለረጅም ጊዜ ብቻዋን ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ መድረኩ በሐሳቧ ማድ ቤት ሆኖ ታያት። ያ ማድ ቤት በአዮዋ ሳለች ያየችው ነበር። በቀጥታ መጻፍ ጀመረች። ሐሳብ ባጠራት ቁጥር መንገዱን ተሻግራ ወደ መጋዘኑ እየሄደች፣ ተውኔቱ እንደገና እስኪንቀሳቀስላት ድረስ እዚያ ትቀመጥ ነበር። ኦገስት 8 ቀን 1916 ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሱዛንና ባሏም ራሳቸው ተጫወቱበት።

ጥቃቅን ነገሮች

የተውኔቱ ስም በአማርኛ ጥቃቅን ነገሮች ወይም እንቶ ፈንቶ ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። አንድ ገቢር ብቻ ያለው አጭር ተውኔት ነው። ጆን ራይት የተባለ ገበሬ በአልጋው ላይ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ወይዘሮ ሚኒ ራይት ተጠርጥረው ታስረዋል። ሸሪፉ፣ ዐቃቤ ሕጉና አቶ ሄል የተባሉት ጎረቤት ማስረጃ ለመፈለግ ወደ ቤቱ ይመጣሉ። የሸሪፉ ባለቤት ወይዘሮ ፒተርስና ወይዘሮ ሄልም ለታሳሪዋ ልብስ ለመውሰድ አብረው ይመጣሉ። ታሳሪዋ በተውኔቱ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታዩም።

ወንዶቹ ማድ ቤቱን በዐይናቸው ገረፍ አድርገው፣ በዚህ ውስጥ ከማድ ቤት ዕቃ በቀር ምንም የለም ብለው ወደ ሰገነቱና ወደ ከብቶቹ ቤት ይወጣሉ። ሴቶች በጥቃቅን ነገር መጨነቅ ልማዳቸው ነው ብለውም ይሥቃሉ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው አስተሳሰብ በእኛ አገር ብቻ ያለ አለመሆኑን እዚህ ላይ እንረዳለን። ሁለቱ ሴቶች ግን ተቀምጠው ማየት ይጀምራሉ። ጠረጴዛው ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ቀርቷል። ለክረምት የተዘጋጀው ማርማላታ በብርድ ጠርሙሱ ተሰነጣጥቆ ፈስሷል። ከጨርቅ ቁርጥራጭ በሚሰፋው የአልጋ ልብስ ላይ ስፌቱ ሁሉ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ተበላሽቷል። እጅ ሲንቀጠቀጥ የተሰፋ ይመስላል። ወይዘሮ ሄል ያንን ስፌት ዝም ብለው ፈትተው ማስተካከል ይጀምራሉ።

ቀጥሎም በሩ የተገነጠለ የወፍ ቤት ያገኛሉ፤ ወፍ ግን የለበትም። ኋላ በስፌት ሣጥኑ ውስጥ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አንገቷ የተጠመዘዘ አንዲት ካናሪ ወፍ ያገኛሉ። ወይዘሮ ራይት ልጃገረድ ሳሉ ሚኒ ፎስተር ትባል የነበረች፣ ነጭ ልብስ የምትለብስ፣ በመዘምራን መካከል የምትዘምር ደስተኛ ልጅ ነበረች። ካገባች በኋላ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ልጅ አልወለደችም፤ ጠያቂ ጎረቤትም አልነበራትም። ብቸኛ ዘማሪዋ ያቺ ወፍ ነበረች። ወንዶቹ ሲፈልጉት የዋሉት የግድያው ምክንያት እነሆ በሴቶቹ እጅ ላይ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች የሟቿን ወፍ ሣጥን ደብቀው ዝም ይላሉ። ተውኔቱም በዚህ ያበቃል። ነገር ግን ከዚህ በፊት ወይዘሮ ሄል የሚያለቅሱበት አንድ ነገር አለ። እርሳቸው የሚኒ ጎረቤት ሆነው ሳሉ ለብዙ ጊዜ ወደዚያ ቤት አልሄዱም። ቤቱ ደስ ስለማይል፣ ሥራም ስለሚበዛ፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ቀሩ። ያ መቅረታቸው ራሱ ወንጀል እንደ ሆነ፣ ያንን ወንጀል ማን ይቀጣው ይሆን ብለው ያዝናሉ። እንደ እኛ አስተያየት የተውኔቱ ልብ ይህ ነው።

ፍርድና ፈራጆች

ይህን ተውኔት በውይይት ሰዓታችን አንሥተን ስንነጋገርበት አንድ ሐሳብ ላይ መድረስ አልቻልንም። ከመካከላችን ገሚሱ ማስረጃ መደበቅ በደል ነው፤ ሟቹም ቢሆን ፍትሕ ይገባዋል አሉ። ገሚሱ ደግሞ ችሎቱ የሴቲቱን ሕይወት ሊረዳ የማይችል ከሆነ ማስረጃው ወደ እውነት ሳይሆን ወደ ገመድ ብቻ ይመራል አሉ። ሱዛን ራሷ ግድያው ትክክል ነው አትልም። የምታሳየን የሰውን ሕይወት ሳያዩ መፍረድ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ነው።

በ1917 ተውኔቱን ወደ አጭር ልብ ወለድ ለውጣ የእኩዮቿ ሸንጎ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠችው። ስያሜው በሕጉ ላይ የቀረበ ጥያቄ ነበር። ተከሳሽ በእኩዮቹ መዳኘት አለበት ከተባለ፣ ሴቶች ለሸንጎ በማይቀመጡበት አገር የአንዲት ገበሬ ሚስት እኩዮች እነማን ናቸው? የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው በ1920 ነው። በጁሪነት የመቀመጥ መብት ግን በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል።

የኋለኛው ዘመን

የፕሮቪንስታውን ተዋንያን ከ1916 መጸው ጀምሮ ወደ ኒው ዮርክ ገብተው በማክዱጋል ጎዳና ቴአትር ከፈቱ። ሱዛንም ብዙ ተውኔቶች ጻፈችላቸው። በ1921 የቀረበው ወራሾች የተሰኘው ተውኔቷ በተለይ እኛን ለመሰልን ተማሪዎች የሚናገር ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የሕንድ አገር ተማሪዎች ስለ አገራቸው ነፃነት በመናገራቸው ሲሳደዱ፣ የኮሌጁ መሥራች የልጅ ልጅ የሆነች ወጣት ከእነርሱ ጎን ትቆማለች። ምቾቷን ትታ እስር ቤት ለመሄድ ትመርጣለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሰው በተናገረው ቃል ይታሰር ስለ ነበር እንዲህ ያለውን ተውኔት መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

በ1922 ባልና ሚስቱ ወደ ግሪክ ሄደው በዴልፊ ተቀመጡ። ኩክ የእረኞች ልብስ ለብሶ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይኖር ነበር። በጃንዋሪ 1924 ከውሻቸው በተላለፈ በሽታ በዚያው ሞተ፤ በዴልፊም ተቀበረ። የግሪክ መንግሥት ከጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ አንድ ድንጋይ ለመቃብሩ እንዲሆን ፈቀደ። ሱዛን ወደ ፕሮቪንስታውን ተመልሳ የባሏን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ጻፈች።

በ1930 መጨረሻ የአሊሰን ቤት የተሰኘው ተውኔቷ በኒው ዮርክ ታየ። በሕይወት ሳለች እምብዛም ሳትታወቅ የሞተች የአንዲት ባለቅኔ ግጥሞች የቤተሰብ ምስጢር ናቸው ወይስ የዓለም ሀብት የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ሲሆን፣ መነሻው የባለቅኔዋ የኤሚሊ ዲክንሰን ሕይወት ነበር። ይህም በ1931 የፑሊትዘርን የተውኔት ሽልማት አስገኘላት። ከዞና ጌል ቀጥላ ይህን ሽልማት ያገኘች ሁለተኛዋ ሴት ሆነች። በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በደረሰ ጊዜም ሥራ ያጡትን የቴአትር ሰዎች ለመርዳት መንግሥት ባቋቋመው ድርጅት ውስጥ ከ1936 እስከ 1938 በቺካጎ ሆና የመካከለኛው ምዕራብ የተውኔት ክፍል ኃላፊ ነበረች።

ሱዛን ግላስፔል በጁላይ 1948 በሰባ ሁለት ዓመቷ በፕሮቪንስታውን ዐረፈች። ከሞቷ በኋላ ስሟ ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በማኅበሯ መድረክ የተጀመረው የኦኒል ስም ሲገንን የእርሷ ግን ከመጻሕፍት ጠርዝ ወረደ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን የሴቶችን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ምሁራን ሥራዎቿን ከአቧራ አንሥተው እንደገና አሳተሟቸው። ያቺ አጭር ተውኔት ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በሕግ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሳይቀር ትነበባለች።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ውድ አንባብያን፤ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት እኅት መምጣት አቆመች። ለምን እንደ ቀረች ብዙ ተወራ። አንዱ እንዲህ ሆና ነው አለ፤ ሌላው ጨመረበት። እኛም ሰማን፤ አንዳንዳችንም አወራን። በመጨረሻ ያወቅነው ታማ የተኛች እናቷን ስታስታምም እንደ ነበር ነው። ቤቷ ከምንሰበሰብበት ቦታ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ በሯን ያንኳኳ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ሄል የሚያለቅሱበትን ቦታ ስናነብ ሁላችንም ያሰብነው ስለዚህች እኅት ነበር።

እንግዲህ ከሱዛን ግላስፔል የምንማረው ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስለ ሰው ከመናገራችንና ከመጻፋችን በፊት ወደ ቤቱ ገብተን እንድናይ ነው። ትልቅ መስሎ ከሚጮኸው ወሬ ይልቅ ግማሹ ያልተጠረገ ጠረጴዛና የተበላሸ ስፌት ብዙ ይናገራሉና። ሁለተኛው፣ አስቀድመን ያለ ማየት የፈረድን እንደ ሆነ በዚያው እንዳንቀር ነው። ሱዛን በሃያ አራት ዓመቷ በችኮላ የጻፈችውን ከጋዜጣው ገጽ ላይ ልትፍቀው አትችልም ነበር። ነገር ግን አልረሳችውም። በተሰጣት ጸጋ በአርባ ዓመቷ ተመልሳ መጣችና ያንን ማድ ቤት ሁላችንም እንድናየው በሩን ከፈተችው።

እኛም ያቺን እኅት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። ቡናም አፍልታልናለች። እናቷ አሁን ደኅና ናቸው። ይህን ጽሑፍ እርሷም እንደምታነበው ስለምናውቅ በዚህ እንፈጽማለን።